ስለ ፍራፍሬ ዝንቦችና ስለ ስሞቻቸው

ፍራፍሬ ወደ ውጭ የሚልክ ወይም ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ከሚይዛቸው ሰነዶች አንዱ የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት ነው። የገዢው አገር ሕግ በሚያዝበት ጊዜ በዚህ ወረቀት ላይ የዝንብ ስም በላቲን ቋንቋ ይጻፋል። ስሙ የተምታታ እንደ ሆነ ጭነቱ በወደብ ሊታገድ፥ ፍሬውም ሊበላሽ ይችላልና፥ ነገሩን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

በመጀመሪያ ዝንቦቹን እንለይ። በበሰበሰ ሙዝ ላይ የምትሰፍረው፥ 3 ሚሊሜትር ያህል የሆነችው ትንሽ ዝንብ ድሮሶፊላ ትባላለች፤ ከሚከተሉት ከሁለቱ ጋር ቤተሰብዋ አንድ አይደለም። ሴራቲቲስ ካፒታታ፥ ማለት የሜዲቴራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ፥ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ትሆናለች፤ ክንፍዋ ቢጫና ቡናማ መቀነት፥ ጀርባዋም የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ግን ተለቅ ያለች ናት፤ ክንፍዋ ጥርት ያለ ሆኖ በፊተኛው ጠርዝ ጠባብ ጥቁር መስመር አለው፤ በጀርባዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቢጫ መስመሮች ይታያሉ። በአገራችን ማንጎን የምታጠቃው ይህች ናት። እነዚህ ሁለቱ እንቁላላቸውን በደህናው ፍሬ ውስጥ ስለሚጥሉ፥ ከውጭ ያማረ ፍሬ በውስጡ ትል ሊኖረው ይችላል። ትሉን በዓይን ብቻ አይቶ የማንኛይቱ መሆኑን መወሰን ግን ለነጋዴ አይቻልም፤ የባለሙያ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ሄንደል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1912 ይህችን ዝንብ ዳኩስ ዶርሳሊስ ብሎ ሰየማት። ኋላ ወገንዋ ባክትሮሴራ ስለ ተባለ፥ የሄንደል ስም ዛሬ በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል፤ ቅንፉ የወገን ስም መለወጡን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ የተገኘችው ዝንብ ደግሞ በ2005 ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ ተብላ እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበች። ነገር ግን ሊቃውንት መልክዋን፥ የዘር ውርስዋንና እርስ በርስ መራባትዋን መርምረው፥ በ2015 ከዶርሳሊስ ጋር አንድ መሆንዋን አስታወቁ። ባክትሮሴራ ፓፓያይም እንዲሁ ከዶርሳሊስ ጋር ተጠቃለለች፤ ባክትሮሴራ ካራምቦላይ ግን ራስዋን የቻለች ዝርያ ሆና ቀርታለች።

ስለዚህ በአሮጌ ውል ኢንቫደንስ፥ በአዲስ ደንብ ዶርሳሊስ ተብሎ ቢገኝ፥ ሁለት ተባይ ነው ብሎ መከራከር አይገባም። ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ገዢው የሚፈልገውን ስም በጽሑፍ መጠየቅ፥ በምስክር ወረቀቱም ላይ ያው ስም ፊደሉ ሳይዛነፍ መጻፉን ማረጋገጥ ይበጃል። ወረቀቱን ለማረም የሚጠፋው ቀን ለማንጎ ረጅም ነውና።