በጸጥታ ስለ ማሰላሰልና ስለ ሰውነት ጤና

በአሶሳ ዙሪያ፥ በሸርቆሌና በኩርሙክ አገር፥ በወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡትን ሰዎች ሳታዩ አትቀሩም። አፈሩን በገበቴ ይዘው ውኃ ይጨምሩበታል፤ ቀስ ብለውም ያዞሩታል፤ ጭቃው በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል፤ ወርቁ ግን ስለሚከብድ ከታች ይቀራል። የሚቸኩል ሰው ወርቁን ከጭቃው ጋራ ይደፋዋል። የሰው አሳብም እንዲሁ ነው፤ በጸጥታ ካልታጠበ መልካሙ ከክፉው አይለይም። ስለዚህ በጸጥታ ማሰላሰል ነፍስን ብቻ ሳይሆን ሥጋንም እንዴት እንደሚረዳ በዚህች አጭር ትምህርት እንመልከት።

ቆላማው አገራችን የወባን ክፋት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። አሁን ግን ድምፅ ሳያሰሙ የሚገቡ ሌሎች ደዌዎችም አሉ፤ እነርሱም የደም ብዛት፥ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፥ በ2019 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆነ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት የደም ብዛት ነበረባቸው፤ እኩሌታ የሚያህሉትም እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። እነዚህ ደዌዎች ከዘርና ከዕድሜ ይመጣሉና የታመመውን ሰው በኃጢአትህ ነው ብለን አንፍረድበት። ነገር ግን ጨውና ስኳር ማብዛት፥ አረቄ፥ ትምባሆ፥ እንቅልፍ ማጣትና ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ያባብሷቸዋል።

ሰው ጕዳቱን እያወቀ ወደነዚህ ነገሮች ለምን ይሮጣል? ብዙ ጊዜ ከጭንቀት የተነሣ ነው። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ ዞን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ብዙዎች በኩርሙክ በኩል ሸሽተው ወደ አገራችን ገቡ። ቤቱንና ዘመዱን ያጣ ሰው እንቅልፍ ቢያጣና ኀዘኑን በአረቄ ሊያሰጥም ቢሞክር አያስደንቅም። ነገር ግን አረቄው ባለቀ ጊዜ ኀዘኑ ይመለሳል፤ ሥጋውም ተጐድቶ ይቀራል።

ሰው ሲጨነቅ ልቡ ፈጥኖ ይመታል፤ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ጉበቱም በደሙ ውስጥ ስኳር ይለቃል። ይህ ከአውሬ ለመሸሽ ይጠቅማል፤ ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት ሲኖር ግን ሰውነትን ያደክማል። በጸጥታ የሚቀመጥ ሰው ግን ትንፋሹ ይረጋል፤ የልቡም ምት ይቀንሳል። ኸርበርት ቤንሰን የሚባል የአሜሪካ ሐኪም ይህን መርምሮ በ1975 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ፤ በጸጥታ ተቀምጦ አንድ ቃል ወይም አጭር ጸሎት መደጋገም ሰውነትን እንደሚያሳርፍም አስረዳ። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2017 እ.ኤ.አ. ነገሩን መዝኖ፥ ማሰላሰል የልብን ሕመም ለመከላከል ተጨማሪ ረዳት ሊሆን ይችላል፥ የሐኪምን ሕክምና ግን አይተካም አለ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ይስሐቅ በመሸ ጊዜ ሊያሰላስል ወደ ሜዳ እንደ ወጣ በዘፍጥረት 24፥63 ተጽፏል። እንግዲህ እናንተም እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፤ ማለዳ ከሥራ በፊት ወይም ማታ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻችሁን ተቀመጡ።

ሁለተኛ፤ ትንፋሻችሁን ቀስ አድርጋችሁ አንዲት አጭር ጸሎት ደጋግሙ፤ አሳባችሁ ቢባዝን ሳትቈጡ መልሱት።

ሦስተኛ፤ ራሳችሁን መርምሩ። ዛሬ አረቄ የተመኘሁት ስለ ምንድር ነው? የበላሁት ስለ ራበኝ ነውን ወይስ ስለ ተቈጣሁ? ምኞቱን ገና በልብ ሳለ ያየ ሰው እጁን ለመመለስ ጊዜ ያገኛል።

ማሰላሰል ግን ብቻውን አይበቃም። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንድንበላ፥ በሳምንትም ቢያንስ 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለን በመራመድ ወይም ይህን በመሰለ ሥራ ሰውነታችንን እንድናንቀሳቅስ ይመክራል። ሐኪም መድኃኒት የሰጠው ሰውም «እጸልያለሁና አይገባኝም» ብሎ አይተው፤ የደም ብዛት ምንም ሳያሳምም ሽባ ሊያደርግ ይችላልና። ኤልያስ በደከመና ሞትን በተመኘ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ እንቅልፍና እንጀራ ሰጠው፤ የቀጭኑን ድምፅ ያሰማው ከዚያ በኋላ ነው (1 ነገሥት 19)። ሥጋን የፈጠረ ጌታ የሥጋን ነገር አይንቅም፤ እኛም አንናቅ። ደግሞም ኀዘኑ የበረታበትን ሰው ብቻውን አትተዉት፤ አብራችሁት ተቀመጡ፥ ወደ ጤና ጣቢያም አድርሱት።

ለማሰብ የሚረዱ ጥያቄዎች፤

1. በጭንቀት ጊዜ እጄ አስቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ምንድር ነው?

2. የደሜን ብዛት ከተለካሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ?

3. በጎረቤቴ እንቅልፍ ያጣ ሰው ማን ነው? ዛሬስ ምን ላድርግለት?