የሠለጠነ እጅም መሣሪያ ነው



በሰፈራችን አንዲት እናት ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝተው ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። «አያመኝም» ይሉ ነበር፤ ወንድ ሐኪም ያየኛል ብለውም ፈሩ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ በሽታው ተሰራጭቶ ነበር። ስለ ጡት ካንሰር ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የምህንድስና ተማሪ ነኝና ዓይኔ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ማሽኑ ነው። ማሞግራፊ በአነስተኛ የራጅ ጨረር የጡትን ምስል ያነሳል፤ በእጅ የማይዳሰስ ዕጢ እንኳ ያሳያል። ነገር ግን የወጣት ሴቶች ጡት ብዙውን ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ዕጢውም ነጭ ነው። በእኛ ዲፓርትመንት አነጋገር ሲግናሉ በኖይዝ ይዋጣል። ስለዚህ ለወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው።

ማሽኑ በሌለበትስ? በሕንድ የሙምባይ ተመራማሪዎች ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህንን ፈተሹ። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆኑ 151,538 ሴቶችን በሁለት ቡድን ከፈሉ። የአንዱን ቡድን ሴቶች፣ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ አራት ጊዜ በእጃቸው መረመሯቸው፤ ሌላው ቡድን ስለ ካንሰር ትምህርት ብቻ አገኘ። ውጤቱ በ2021 ታተመ። ካንሰር ከተገኘባቸው መካከል በሽታው ደረጃ 3 ወይም 4 ደርሶ የተገኘባቸው፣ ከተመረመሩት ቡድን 37 በመቶ፣ ከሌላው 47 በመቶ ነበሩ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ በጡት ካንሰር መሞት 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ከዚያ በታች ባሉት ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም።

በቻይና ሻንጋይ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ሴቶች ራሳቸውን እንዲዳስሱ ማስተማር ብቻውን ሞትን አልቀነሰም። ስለዚህ ለውጥ ካገኙ ወደ ሠለጠነ ባለሙያ መሄድ ግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አንዲት ሴት ምልክቷን ይዛ ጤና ተቋም ከሄደች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቆ ውጤቷን እንድታውቅ ግብ አስቀምጧል።

እህቶች፣ በጡት ወይም በብብት ውስጥ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም መፍሰስ ካያችሁ ሳትዘገዩ ታዩ። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። ሴት ሐኪም ጠይቁ፤ ከሌለች ግን ለሕክምና ሲባል በወንድ ሐኪም መታየት እንደሚፈቀድ ዑለማዎቻችን አስተምረውናል። ሐያእ ውብ ባሕርይ ነው፤ በሽታ መደበቂያ ግን አይደለም።

ወንድሞች፣ እናታችሁ ጋር ስትደውሉ ይህንን ለማንሳት ካፈራችሁ በእህታችሁ በኩል አድርሱ። እኒያ የሰፈራችን እናት ቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።