የሜታዶን መጠን ለምን ቀስ በቀስ ይጨመራል?

ለሄሮይን ሱስ ሕክምና የጀመሩ አንዳንድ ወገኖች «የተሰጠኝ መጠን አነሰኝ» ሲሉ ይሰማል። በናይሮቢ የማታሪ ሆስፒታል ይህን ሕክምና በሜታዶን መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ነው። መድኃኒቱ በየቀኑ በጤና ሠራተኛ ፊት ይጠጣል።

የመጀመሪያው ቀን መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ምክንያቱን በሒሳብ እንመልከት። ሜታዶን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ከአንድ ቀን በኋላ ግማሹ ይቀራል እንበል። ዛሬ 30 የጠጣ ሰው ነገ 15 ይዞ ይመጣል፤ ሌላ 30 ሲጠጣ 45 ይሆናል። በአምስተኛው ቀን ወደ 58 ይደርሳል። ሐኪሙ ምንም ሳይጨምር በሰውነት ውስጥ ያለው መድኃኒት እጥፍ ሊሆን ተቃረበ ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት «አልበቃኝም» ብሎ ሄሮይን፣ ቻንጋ ወይም የእንቅልፍ ክኒን የደረበ ሰው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ብዙዎች ውለው አድረው ከ60 እስከ 120 ሚሊ ግራም ላይ ይረጋጋሉ። ሆኖም ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ያቋረጠ ሰው ሰውነቱ የለመደውን ስለሚረሳ የቀድሞው መጠን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ መቅረቱን ሳይደብቅ ይናገር። የራሱንም መድኃኒት ለሌላ አያካፍል፤ ለእርሱ ልክ የሆነው ላልለመደ ሰው፣ ይልቁንም ለሕፃን፣ መርዝ ነው።

ቤተሰቦችም ልብ በሉ። የታመመው ሰው እያንኮራፋ ሲጠሩት ካልነቃ፣ ከንፈሩም ከጠቆረ፣ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አትበሉ። በጎኑ አስተኙትና ፈጥናችሁ የሕክምና እርዳታ ጥሩ። ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ በጊዜው ከደረሰ ሕይወቱን ያተርፋል።