የባቄላ አዚፋ አዘገጃጀት

አዚፋ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ምስርን ነው። በሙሉ ባቄላም ይሠራል። በግብፅና በሌሎች የሜዲትራኒያን አገሮች ባቄላን በሎሚ፣ በዘይትና በቅጠላ ቅጠል ለውሶ መብላት የቆየ ልማድ ነው። የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ከወይራ ዘይቱ በቀር፣ በእኛም ገበያ ይገኛል፤ በወይራው ፈንታ የኑግ ዘይት ይበቃል። ቅቤ ስለማይገባበት ለጾም ወራትም ለረመዳን ማፍጠሪያም ይስማማል።

ችግሩ ማብሰሉ ላይ ነው። እንደ መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ ከቆላው ይልቅ ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ባቄላው ለቅሞ አጥቦ ማደሪያውን መዘፍዘፍ፣ ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ መቀቀል፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሎሚ ከመብሰሉ በፊት ከገባ እህሉ እንደ ጠጠር ደርቆ ይቀራል። ብዙ ጊዜ በሙቀትና በእርጥበት የከረመ ባቄላም በቀላሉ አይበስልም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያምናውን ከዘንድሮው ሳይቀላቅሉ ለየብቻ እንዲያስቀምጡ የምንመክረው ለዚህ ጭምር ነው።

በባቄላ ፈንታ ቀይ ቦሎቄ የሚጠቀሙ ይጠንቀቁ። ጥሬው ወይም ለብ ብሎ ብቻ የወጣው ቦሎቄ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ከተዘፈዘፈ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንተክተክ፣ ከዚያም እስኪለሰልስ መቀቀል አለበት። እሳት እየቆጠቡ ማሞቅ ብቻውን መርዙን አያጠፋም።

ለ1 ኪሎ ደረቅ ባቄላ 3 ራስ ሽንኩርት፣ 4 ቃሪያ፣ የ4 ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የቡና ሲኒ ዘይትና ጨው ይበቃል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ይቆይ፤ በፈላ ውሃ ከተበጠበጠ ኃይሉን ያጣል። ባቄላው ሲበርድ ሁሉም ይለወስና እርጥብ በሶብላ፣ የድንብላል ቅጠልና ጥቂት ጦስኝ ይከተፍበት። ጦስኝ ከሜዳ ሲለቀም ጫፉ ይቀንጠብ እንጂ ከሥሩ አይነቀል።

የሎሚው ጥቅም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በባቄላው ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት በደንብ እንዲወሰድ ይረዳል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይህንኑ ያጓድላሉና፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮች ከምግቡ ጋር ባያስከትሉት ይሻላል። እንግዲህ ቡናውን ለማዘግየት እናቶችን ማሳመን የልማት ሠራተኛው ፈንታ ነው!

ለስብሰባ በብዛት ሲሠራ ማጣፈጫው ሊበላ ሲል ይግባ፤ የተለወሰውም በዚያው ቀን ይለቅ።