የማን ፊታውራሪ?

የኢትዮጵያን ታሪክ ማንበብ ሲጀምሩ ቶሎ የሚገጥምዎ ጥያቄ አለ። በማዕረግ ተራ ፊታውራሪ ከቀኝአዝማችና ከግራዝማች በላይ፣ ከደጃዝማችና ከራስ ግን በታች ነው። ታዲያ በሥልጣን ከብዙ ራሶች የበለጡት ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለምን ፊታውራሪ ተባሉ?

ተራውን ለጊዜው ይተዉትና የዘመቻ ሰፈርን ያስቡ። መሃሉ ላይ የንጉሡ ድንኳን ተተክሏል። ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ይሰፍራሉ። ፊታውራሪ ደግሞ ጦሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ከሁሉ ቀድሞ ይሰፍራል። እንግዲህ እነዚህ ስሞች መጀመሪያ የሚናገሩት ቦታን ነው፤ ሥራውም ከቦታው ይመጣል። ፊት ያለው ሰው መንገዱን ያያል፣ ከጠላት ጋር አስቀድሞ ይገናኛል፣ ዋናው ጦር እስኪደርስም ግጥሚያውን ይሸከማል። ለዚህ የሚመረጠው ደፋርና የታመነ ሰው ነበር። ፊታውራሪ ገበየሁ በኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ በግንባር ተዋጉ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ወደቁ።

አሁን ወደ ቁልፉ ደርሰናል። ፊት ሲባል የማን ፊት ነው? የራሱ ጦር ያለው ራስም ሆነ ደጃዝማች የየራሱን ፊታውራሪ ይሾም ስለነበር በአንድ ዘመቻ ብዙ ፊታውራሪዎች ይሰለፉ ነበር። የአንድ ደጃዝማች ፊታውራሪ የሚቀድመው የጌታውን ጦር ብቻ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ግን የሚቀድመው የአገሪቱን ሠራዊት ነው። ማዕረጉ አንድ ሆኖ ክብደቱ የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኔ እምነት ይህን ያልያዘ አንባቢ የዘመኑን ሥልጣን አሳስቶ ይመዝናል። ሀብተ ጊዮርጊስ ከገበየሁ በኋላ የምኒልክ ፊታውራሪ ሆኑ፤ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትርነቱን ደርበው ያዙ፤ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን ጦር ድል ካደረጉት አዛዦች ዋነኛው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ራስ ቢባል የሚጨመርለት ሥልጣን አልነበረም።

ከማንነቱ ሌላ ዘመኑንም መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በዘመናዊ መንገድ የተደራጀው ሠራዊትም እንደ ሻለቃ፣ ኮሎኔልና ጄኔራል ባሉ ማዕረጎች መመራት ጀመረ። ፊታውራሪነት ግን ለባላባትና ለአገር ገዥ የሚሰጥ ክብር ሆኖ እስከ አብዮቱ ቆየ። ስለዚህ በ1950ዎቹ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ፊታውራሪ የሚል ቢያገኙ፣ ፈራሚው አንድም ወታደር የማያዝ የወረዳ ገዥ ሊሆን ይችላል።