ምዕራፍ ስምንት፦ ቤትና ሐሩር

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ የምንባቡን ፍሬ ሐሳብ ያወጣሉ፤ ምክንያትንና ውጤትን ለይተው ያሳያሉ፤ የአዳዲስ ቃላትን ፍቺ ከዐውዳቸው ይረዳሉ።

ሀ. ከንባብ በፊት

1. በአካባቢያችሁ ያሉት ቤቶች ክዳናቸው ከምን የተሠራ ነው? በቀትር ውስጡ የሚቀዘቅዘው የትኛው ነው?
2. በሙቀት ወራት መስኮት መከፈት ያለበት ቀን ነው ወይስ ሌሊት? ለምን?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የሰው ልጅ ቤት የሚሠራው ከብርድ፣ ከዝናብና ከአውሬ ለመጠለል ብቻ አይደለም። በቆላ ምድር የሚኖር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸሸው ፀሐይን ነው። ይሁንና በአግባቡ ያልተሠራ ቤት ከፀሐይ ማስጠለሉ ቀርቶ ራሱ ምድጃ ይሆናል። በቀትር ጊዜ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያሻውም።

ሐሩር የሚነሣው ምቾትን ብቻ አይደለም። የሰው አካል ሙቀቱን በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለመጠበቅ በላብ አማካይነት ራሱን ያቀዘቅዛል። የአካባቢው ሙቀት እጅግ ሲበረታ ግን ይህ ኀይሉ ይደክማል፤ ራስ ማዞር፣ ማስመለስና ራስን መሳት ይከተላሉ፤ ፈጥኖ እርዳታ ካልተገኘም ለሞት ያደርሳል። አደጋው በይበልጥ የሚጸናው በሕፃናት፣ በአረጋውያን፣ በነፍሰ ጡሮችና በሕሙማን ላይ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ገዝቶ የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ሊከፍል የሚችለው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ብዙው ሕዝብ ቤቱን በብልሃት ማቀዝቀዝ ይኖርበታል።

ሌባን ለመከላከል የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ሌባው የሚገባበትን ቀዳዳ ያጠናል። ሙቀትንም ለመከላከል የሚሻ እንዲሁ መግቢያውን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው መግቢያ ክዳን ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆንዋ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በድሬዳዋ ለምሳሌ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በትክክል ከአናት በላይ ታልፋለች። ከዚህም የተነሣ ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ የበለጠውን ግለት የሚቀበለው ክዳኑ ነው። የሣር ክዳን በጭዶቹ መካከል ብዙ አየር አምቆ ስለሚይዝ፣ የታመቀ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ፣ የጎጆው ውስጥ ቀዝቃዛ ይሆናል። እሳት መፍራቱና ቶሎ ማርጀቱ ጉድለቱ ነው። ቆርቆሮ ዕድሜው ቢረዝምም ስስ በመሆኑ የተቀበለውን ግለት ወዲያው ወደ ክፍሉ ያወርዳል። መድኀኒቱ ኮርኒስ ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ባለው ባዶ ስፍራ አየር እንዲመላለስ በግራና በቀኝ ቀዳዳ ይተዉለታል። ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም መቀባትም ብርሃኑን ስለሚመልስ ይረዳል።

ሁለተኛው መግቢያ የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳ ነው። በጠዋትና በተሲያት በኋላ ፀሐይ አዘቅዝቃ ስለምትመታ የክዳኑ ጠርዝ አያግዳትም። ስለዚህ ትልልቅ መስኮቶችን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማድረግ፣ በምዕራብ በኩል በረንዳ ማውጣት ወይም ዛፍ መትከል ይገባል። በድሬዳዋ በብዛት የሚታየው የኒም ዛፍ ድርቅን ችሎ ሰፊ ጥላ ስለሚሰጥ ለዚህ ተስማሚ ነው።

ሦስተኛው መግቢያ አየሩ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሐሩር አንድ ዓይነት አይደለምና። በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ደረቅ ሐሩር ነው። ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ግለት ለብዙ ሰዓት ይዞ ስለሚያቆይ ለደረቅ ሐሩር ይስማማል። የአጠቃቀሙም ሥርዓት ይህ ነው፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ መስኮት ተዘግቶ መጋረጃ ይወርዳል፤ ማታ የውጪው አየር ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ይከፈታል። በቀትር “ነፋስ ይግባ” ብሎ መስኮት የሚከፍት ሰው የጋለውን አየር በገዛ እጁ ያስገባል። ሌሊት የሚከፈት መስኮት የሽቦ ወንፊት፣ አልጋውም አጎበር ሊኖረው ግድ ነው፤ ሙቀት ሸሽቶ ወባን መቀበል ብልሃት አይደለምና።

በኤርትራ በምትገኘው የቀይ ባሕር ወደብ በምጽዋ ግን ይህ ሥርዓት አይሠራም። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት እንኳ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ብዙም አይወርድም፤ አየሩም በባሕሩ እርጥበት የተሞላ ነው። ይህ ወበቅ ይባላል። በወበቅ አገር ቤት ዘግቶ መቀመጥ መታፈን ነው፤ የሚያሻው ጥላና ነፋስ ነው። የጥንት የምጽዋ ሰዎች ከባሕር በሚወጣ የኮራል ድንጋይ በሠሯቸው ቤቶች ላይ በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈኑ ሰገነቶችን ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ፍርግርጉ ፀሐይን አግዶ ነፋስን ያሳልፋል።

የአፋር አርብቶ አደሮችም የራሳቸው ጥበብ አላቸው። በአፋር ምድር የሚገኘው ዳሎል ከ1953 እስከ 1959 ዓ.ም. በተደረገ ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ የተገኘበት ስፍራ ነው። አሪ የሚባለውን ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የጎበጡ እንጨቶችን ተክለው በዘንባባ ሰሌን ያለብሱታል። ሰሌኑ ጥላ ይሰጣል፤ ግለት አያከማችም፤ ጠርዙ ሲገለጥ ነፋስ ያስገባል፤ ሰፈር ሲለወጥም ተጠቅልሎ በግመል ይጫናል።

አራተኛው ሙቀት ከውጪ አይመጣም፤ እኛው በቤት ውስጥ የምንፈጥረው ነው። ምግብን በማለዳ ወይም በደጅ ማብሰል ክፍሉን ከብዙ ግለት ያድነዋል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ደግሞ ከሙቀቱ በላይ በጭሱ መርዝ ይገድላል።

ውሃም ረዳት ነው። ውሃ በሚተንበት ጊዜ ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። በእንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ላይ የሚወጣው ጤዛ ስለሚተን ነው። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካንም እንዲሁ ነው። በወበቅ አገር ግን አየሩ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ይህ ዘዴ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ቬንቲሌተርም ወሰን አለው፤ የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ በሰውነት ላይ የሚነፍሰው ትኩስ አየር ስለሆነ ከማቀዝቀዝ ይልቅ ያሞቃል።

አሁን አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እናስብ። በድሬዳዋ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የአንድ ወር ሕፃን አለ እንበል። እናቲቱ “በደረቅ ሐሩር ቀን ቀን ዝጉ” የሚለውን ምክር ሰምታ በርና መስኮቱን ብትዘጋ፣ ከክዳኑ የሚወርደው ግለት መውጫ ያጣል፤ ክፍሉም ከደጁ ይብሳል። ምክሩ እውነት ቢሆንም ጊዜው አልደረሰም። አስቀድሞ ክዳኑ ይበጅ፤ ገንዘብ ካነሰ ከሸንበቆና ከሰሌን የተሠራ ኮርኒስ፣ ከእሳት ርቆ፣ ይበቃል። እስከዚያው ድረስ ሕፃኑ በቀትር የሚውለው በቤት ውስጥ ሳይሆን በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ጡቱንም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ኋላ ኮርኒሱ ሲገባ ያን ጊዜ በሩ ይዘጋል።

እንግዲህ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው “የጎረቤቴ ቤት ምን ይመስላል?” ብሎ ሳይሆን “የአገሬ ሐሩር ደረቅ ነው ወይስ ወበቅ?” ብሎ ነው። ቀጥሎም ከክዳኑ ይጀምር። ቤቱን ካበጀ በኋላም በሐሩር ቀን ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋዊ ጎረቤቱን ደጃፋቸው ድረስ ሄዶ ይጠይቅ።

ሐ. የቃላት ፍቺ

ሐሩር፦ ብርቱ ሙቀት፣ ቃጠሎ
ቀትር፦ እኩለ ቀን
ግለት፦ የጋለ ነገር ሙቀት
ወበቅ፦ እርጥበት ያለበት የሚያፍን ሙቀት
ፍርግርግ፦ በመስቀለኛ የተሠራ ቀዳዳማ መከለያ
ማመቅ፦ አፍኖ መያዝ

መ. መልመጃ

1. ሙቀት ወደ ቤት የሚገባባቸውን ሦስት መንገዶችና የየአንዳንዳቸውን መከላከያ ጻፉ።
2. ለድሬዳዋ የሚበጀው ሥርዓት ለምጽዋ የማይበጀው ለምንድን ነው?
3. “ምክሩ እውነት ቢሆንም ጊዜው አልደረሰም” ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
4. “ስለዚህ”፣ “ከዚህም የተነሣ” እና “ይሁንና” የሚሉትን አያያዦች በመጠቀም ከምንባቡ ሐሳብ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።
5. የመማሪያ ክፍላችሁን መርምሩ። ሙቀት የሚገባበትን ስፍራ ለይታችሁ፣ በአነስተኛ ወጪ እንዴት ሊሻሻል እንደሚችል ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ።