የ15 ሰከንድ ሙቀት፦ ራዲያተርና በረዶ በናፍጣ ፒካፕ ጉተታ

የናፍጣ ፒካፕ ጉተታ በአሜሪካ፣ በተለይም በኦሃዮና በኢንዲያና የገጠር ከተሞች፣ በሐምሌና በነሐሴ ምሽቶች የሚደረግ የአፈር ሜዳ ውድድር ነው። ፒካፑ ከኋላው ስሌድ የሚባል ከባድ ተጎታች ይታሰርበታል። በስሌዱ ላይ ክብደት የተጫነበት ሣጥን አለ፤ መኪናው ወደፊት በገፋ ቁጥር ሣጥኑም ከስሌዱ ጎማዎች ላይ ተነሥቶ ወደፊት ይሳባል። የስሌዱ የፊት ክፍል ጎማ የለውም፤ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ሲቀርብ ብረቱ አፈሩን እየተጫነ ይሄዳል፣ ሰበቃው ያይላል፣ በመጨረሻም መኪናው ይቆማል። ለረጅም ዘመን የሙሉ ጉተታ መለኪያ ሆኖ የቆየው 300 ጫማ ነው፤ 91 ሜትር ገደማ። ይህን የሚጨርስ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ለ15 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ስለ ማቀዝቀዝ የምነግርዎ ሁሉ ከዚህች አጭር ጊዜ ይነሣል።

መጀመሪያ ራዲያተር ለምን እንደተሠራ እናስብ። ሞተር ከሚያቃጥለው ናፍጣ ኃይል ውስጥ ከግማሽ በታች የሆነው ብቻ ወደ ጎማ ጉልበት ይለወጣል። ከቀረው አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከጠቅላላው ኃይል አንድ አራተኛ ገደማ ደግሞ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት የሚወጣ መኪና ይህን ሙቀት ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ያለማቋረጥ ያመነጫል። ስለዚህ የገባውን ያህል ወደ አየር የሚያስወጣ ነገር ያስፈልገዋል፤ ራዲያተር ያ ነው። ሥራው ሙቀትን ማስወጣት እንጂ ማጠራቀም አይደለም።

አሁን ጉተታውን እናስላ። 600 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 450 ኪሎዋት ገደማ የሚያወጣ ሞተር በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ ውሃው የሚልከው ሙቀት 4 ሜጋጁል ያህል ይሆናል። በሞተሩ ውስጥ 25 ሊትር ውሃ አለ እንበል፤ ይህን ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 105 ኪሎጁል ያስፈልጋል። በዙሪያው ያለው የሞኖብሎኩና የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ አካልና የላይኛው ክዳኑ ብረት 400 ኪሎ ቢሆን፣ እሱን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ደግሞ 185 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ሁለቱን ደምረን 4 ሜጋጁሉን ብናካፍል ጭማሪው 14 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። በ80 ዲግሪ የተነሣ ሞተር 94 ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ወፍራም ምጣድ እሳት ስላገኘ ወዲያው እንደማይግል ሁሉ፣ ይህ ሁሉ ብረትና ውሃ ሙቀቱን ዋጥ አድርጎ ይይዘዋል። በሩጫው ጊዜ ራዲያተሩ ምንም ባይሠራ ሞተሩ አይፈላም።

ስሌቱ ግን ሙቀቱ በእኩል እንደተሰራጨ አድርጎ ይወስዳል፤ በእውነቱ እንዲህ አይደለም። በቴስታታው ውስጥ፣ በቫልቮቹ መካከል ያለው ብረት ከሌላው እጅግ ይግላል። ውሃው እዚያ ካልተንቀሳቀሰ ቦታው ላይ ይፈላና የእንፋሎት አረፋ ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሙቀትን እንደ ውሃ አይወስድም። ስለዚህ ራዲያተር ባይኖርም የውሃ ፓምፕ መኖሩና በደንብ መግፋቱ ወሳኝ ነው። ግፊት የሚይዘው ክዳንም እንደዚሁ፦ በአንድ ባር ግፊት የተዘጋ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ120 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የውሃ ሙቀት መለኪያ በእነዚያ 15 ሰከንዶች አይታመንም፤ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ከልክ ያለፈ ናፍጣ የሚያቀልጠውን ፒስተን ውሃው አያድነውም። ፒስተን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ አደጋውን ቶሎ የሚያሳይዎ የጭስ ሙቀት መለኪያው ነው።

እንግዲህ ራዲያተር ለሩጫው ይህን ያህል የማያስፈልግ ከሆነ ደንብ ለምን ያስገድዳል? ለፋብሪካ ሥሪት ቅርብ በሆኑት የውድድር መደቦች የተለመደው አነጋገር ራዲያተሩ በፋብሪካው ቦታ ይቀመጥ፣ ከፋብሪካው መጠንም አይነስ የሚል ነው። ወደ ላይኞቹ መደቦች ሲወጡ ግዴታው ይላላል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ዝርዝሩ ከማኅበር ማኅበር ስለሚለያይ የሚወዳደሩበትን ደንብ ራስዎ ያንብቡ፤ ምክንያቱን ግን ከመካኒክነቱ መረዳት ይቻላል።

አንደኛው ምክንያት ክብደት ነው። የመኪናው ጠቅላላ ክብደት በመደቡ የተወሰነ ስለሆነ፣ ከአንድ ቦታ የተቀነሰ ኪሎ ሌላ ቦታ ይገባል። ራዲያተሩ ከነውሃውና ከነፋኑ 40 ኪሎ ቢመዝንና ቢወጣ፣ ያ 40 ኪሎ ከፊት አክስሉ ወደፊት ርቆ፣ ደንቡ በሚፈቅደው ጫፍ ላይ በብረት መልክ ይሰቀላል። ስሌዱ መኪናውን ከኋላ ወደ ታች ሲስብ የፊት ጎማዎች ሊነሡ ይሞክራሉ፤ ከአክስሉ የራቀ ክብደት በረጅም ማንሻ ስለሚሠራ አፍንጫውን ይበልጥ ወደ ምድር ይጫናል። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና የፊት ጎማዎቹ ከተነሡ የጉልበቱን ትልቅ ድርሻ ያጣል። ሁለተኛው ምክንያት ቦታ ነው፤ ለእኔ ዋናው ይህ ይመስለኛል። ራዲያተሩ የነበረበት ክፍት ቦታ ትልቅ የበረዶ ኢንተርኩለር የሚገባበት ነው። ደንቡ ራዲያተሩን በቦታው ሲያስቀምጥ ሰው ያለውን ገንዘብ ሁሉ እዚያ እንዳያፈስስ ይገድባል፤ ወደ ውድድሩ ሜዳ በራሱ መኪና ነድቶ የሚመጣው ተወዳዳሪም ዕድሉ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ኢንተርኩለር ምንድን ነው? ቱርቦ አየርን ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል፤ የተጨመቀ አየር ደግሞ ይግላል። በ27 ዲግሪ የገባ አየር ወደ አራት እጥፍ ግፊት ሲጨመቅ፣ የቱርቦው ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ በ235 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። የጋለ አየር ስስ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ግፊቱን ጠብቆ ወደ 60 ዲግሪ ማውረድ ከተቻለ እፍጋቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። በጉተታ ውስጥ ጉልበት የሚገኝበት ማቀዝቀዝ ይህ ነው።

የፋብሪካው ኢንተርኩለር አብዛኛውን ጊዜ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ መኪናው በአውራ ጎዳና ሲበር የሚመታው ነፋስ ይሠራለታል። ጉተታ ግን ከቆመበት ተነሥቶ ቆሞ የሚያልቅ ነው፤ ነፋሱ ትንሽ ነው። ስለዚህ በላይኞቹ መደቦች የጋለው አየር በበረዶ ውሃ በሚቀዘቅዙ ቱቦዎች መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል። በረዶ ለምን? አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ብቻ፣ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሳይወጣ፣ 334 ኪሎጁል ይውጣል። ያ 600 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከሚስበው አየር በ15 ሰከንድ ውስጥ መውሰድ ያለብን ሙቀት 1.5 ሜጋጁል ያህል ስለሆነ፣ በስሌት አምስት ኪሎ በረዶ ይበቃዋል። ይሁንና አዲስ ገቢዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፦ የበረዶው ብዛት ሳይሆን የሙቀት ልውውጡ ፍጥነት ነው የሚያንሰው። በሣጥን ሙሉ በረዶ የተሞላ ሥርዓት ፓምፑ ደካማ ከሆነ ሙቀቱን በጊዜው አይወስድም። ገንዘብዎን መጀመሪያ በፓምፕና በቱቦ ስፋት ላይ ያውጡ፤ በረዶውስ ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል።

ራዲያተር ካለዎት ሥራውን የሚጀምረው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። በብረቱ ውስጥ የታጎረው ሙቀት ወደ ውሃው መውጣቱን ይቀጥላል፤ የቱርቦው ዘንግም እንደጋለ ነው። ሞተሩን ወዲያው ካጠፉት የቱርቦው ዘይት በቦታው ይቃጠላል። ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ ይዙር፣ ፋኑም ይሥራ። በረዶ የሚጠቀም ተወዳዳሪ ደግሞ የቀለጠውን ውሃ ከሜዳው ውጭ ያፍስስ፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚጎትተው መኪና ጎማ የሚይዘው ጠንካራ አፈሩን እንጂ ጭቃውን አይደለም።